ማኅበርተኞቹ ቀድተው የጨረሱት ኩሬ

ሰው ቤት ሄጄ «የወሰዳችሁትን ጠበል መልሱልኝ» ያልኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በዐቢይ ጾም፣ ያውም በዕለተ ሰንበት። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱኝ።

ያኔ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ በአንድ አሮጌ ግቢ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከፊት ያለው ክፍል ምግብ ቤቱ ነው፤ ከጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያዬ። ልጄ ቤቲ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። እኔ ግን ለኬንያዊውም ለሀበሻውም «ማማ ቤቲ» ነኝ፤ በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ የነፍስ አባቴ አባ ኪዳኔ ብቻ ናቸው። ባሕርዬን አልደብቃችሁም፤ ቁጡ ነኝ። ከቁጣዬ የባሰው ግን ኩራቴ ነበር። ጨው ቢያልቅብኝ ጎረቤት ከምጠይቅ አልጫውን ያለ ጨው ባቀርብ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲቸግረው እሮጣለሁ፤ ሲቸግረኝ ግን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም።

ግቢው የኩሱምቤን ነው። «ቤን» በእነሱ ቋንቋ እህት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ብሎ ይጠራቸዋል። ነጭ ሳሪ ለብሰው በስፖርት ጫማ የሚሄዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ ሕንዳዊት ባልቴት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅየው ግቢውን አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል።

ውሌ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኩሱምቤን አስጠሩኝ። የምንግባባው በስዋሂሊ ነው።

«እኔ የተወለድኩት እዚህ ግቢ ነው» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲመጣ እንቅልፍ የሚወስደን በእንቁራሪት ድምፅ ነበር። ኋላ አባቴ ጓሮውን ሲሚንቶ አስለበሱት፤ ድምፁም ጠፋ። አሁን ልጄ ፎቅ ልሥራበት ይለኛል። እንቁራሪት የማይወለድበት ጓሮ ለእኔ ከፎቅ አይሻልም፤ ይሥራበት። አንቺ ግን ኩሬ ሠርተሽ እንቁራሪት ከተወለደበት ለአምስት ዓመት እፈርምልሻለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«መጥቶ የሚሄድ እንዳይመስልሽ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «እዚሁ የተወለደ።»

አስቡት፤ እንጀራዬም ቤቴም በእንቁራሪት ምጥ ላይ ተንጠለጠለ።

ዘበኛዬም አትክልተኛዬም የሆነው ካማው ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰበረና መቆፈር ጀመረ። እኔ ያሰብኩት ሰማያዊ ሴራሚክ የተለበጠ፣ መሀሉ ላይ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ የሆቴል ኩሬ ነበር። ኩሱምቤን የፕላስቲክ ወንበር አስመጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጡና ሐሳቤን አንድ በአንድ ሰረዙብኝ።

«አንዱ ወገን ዝርግ ሆኖ ቀስ እያለ ይውረድ» አሉ። «ጃርት ቢገባ በምን ይወጣል?»

«ጃርት ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ውሃ ሊጠጣ።»

ዓሣ እንጨምርበት፣ ለጾም ይሆነኛል ብል፣ ዓሣ እንቁላሉን ይበላዋል ብለው ከለከሉኝ። የቧንቧ ውሃም መድኃኒት አለበት ተብሎ ተከለከለ፤ ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ ብቻ። ከሥር አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍን፤ በላዩ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ዘርግተን ጠርዙን በድንጋይ ያዝነው። ሲያልቅ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ቢነጠፍ ያክላል፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው። በመጨረሻ ኩሱምቤን የበሰበሰ ግንድ አስጎትተው መጡና ዳሩ ላይ አጋደሙት፤ ነፍሳት ይኖሩበታል አሉ። ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ ነፍሳት በክብር ሲጋበዙ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለሁለት ሳምንት ካማውን አኮረፍኩት፤ ምንም አላጠፋም፣ የማኮርፈው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ዝናቡ ጣለና ኩሬው ሞላ። ወፍ መጥቶ ይታጠብበት ጀመር። ማታ ማታ የሚሰማኝን ድምፅ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብዬ ስራገም ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ ውሃው ዳር የተዘፈዘፈ ተልባ የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል። ጾም ነውና ወጥ ቤት ውስጥ ተልባ አይጠፋም። ወጥ ሠሪዋን ጠርቼ «የተረፈ ተልባ ኩሬ ውስጥ የሚደፋ ማነው?» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ማርያምን እያለች ማለች።

ካማው ጠጋ ብሎ አየና «ማማ፣ ማያይ ነው» አለኝ። እንቁላል ማለቱ ነው።

በጥቂት ቀን ውስጥ ውሃው ጥቃቅን ጥቁር ጭራ ያላቸው ነገሮች ሞላበት። ካማው «ኪሉዊሉዊ» ይላቸዋል፤ በአማርኛ ስማቸውን የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ኩሱምቤን እህታቸው ዘንድ ሞምባሳ ሄደው ስለነበር ስልክ ደወልኩላቸው።

«ማንም እንዳይነካቸው» አሉኝ። «ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ከልጄና ከጠበቃው ጋር እመጣለሁ። ልጄ በዓይኑ ይይ፤ እዚያው እፈርማለሁ።»

ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው እሁድ ደግሞ የማርያም ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። ናይሮቢ ሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ማርያም በየትኛውም ቀን ብትውል የምትዘከረው እሁድ ነው። ሃያ ሁለት ማኅበርተኞች ነን። ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ጋሽ ታደሰ ነው፤ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ፣ ፒክአፑ ላይ ጀሪካን የማይለየው ሰው።

ናይሮቢ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ነው ቧንቧ የሚደርቀው። ያን ሳምንት ፓርክላንድስ ውሃ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ለምግቡ የሚሆን በጋሪ አስመጣሁ። አባ ኪዳኔ ጸልየው ለሚረጩት ጠበል ደግሞ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ከድኜ ለብቻው አስቀመጥኩ። ሰው በልቶ ጠጥቶ የመዝጊያው ጸሎት ሲደርስ ባልዲውን ላመጣ ብሄድ ባዶ ነው። ወጥ ሠሪዋ ድስት አጥባበታለች። ተልባውን ጨምሬ የተከማቸ ቁጣዬን እዚያ ጓዳ ውስጥ አወረድኩባት። እሷም ዛሬስ አበዛሽው ብላ መለሰችልኝ። እንዲህ ስንባባል የአባ ዜማ ከጓሮ በኩል ተሰማኝ።

እፎይ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ከመኪናው ውሃ አውርዶ ከጉድ አወጣኝ ብዬ መረቅሁት። ለሚሄደው ሰው የሚታደል ዳቦ ስቆርስና ስጠቀልል ብዙ ቆየሁ። ከውጭ ሳቅ፣ የውሃ መንቦጫረቅ፣ የመኪና መነሳት እሰማለሁ። ደስ የሚል ማኅበር ሆነልኝ እያልኩ ነበር።

ስወጣ ኩሬው የለም።

ጉድጓዱ አለ። ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ጭቃው፣ የበሰበሰው ግንድ አለ። ውሃው ግን ተሟጧል። ሣሩ በሙሉ ረጥቧል። አባ ኪዳኔ የኩሱምቤን ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በነጠላ ያደርቃሉ። ማኅበርተኛው አብዛኛው ሄዷል።

«ማጂ ዮቴ» አለኝ ካማው፤ ውሃው በሙሉ ማለት ነው።

«ኪሉዊሉዊዎቹስ?»

«ዮቴ።»

«አንተ ቆመህ አየህ?»

«ማማ፣ ቄስ መስቀል ይዞ የቆመበት ቦታ እኔ ምን ብዬ ልግባ?»

በነጭ ቀሚሴ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ለካ አባ ውሃ ሲጠብቁ ጓሮ ወጥተው፣ ከሰማይ የወረደ ንጹሕ ውሃ ተጠራቅሞ አይተው፣ ይኸው አይደለም ወይ ብለው ባርከውታል። መነጽራቸውን ቤታቸው ረስተዋል። ወገቤን፣ ጉልበቴን ያለውን ሁሉ አጥምቀዋል፤ የተረፈውን ማኅበርተኛው በጀሪካን፣ በጆግ፣ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ለየቤቱ ቀድቶታል። የተባረከ ውሃ ተትቶ አይኬድም፤ እኔም ብሆን እቀዳ ነበር።

ለአባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩሱምቤንን፣ ውሉን፣ የነገውን አራት ሰዓት።

«ነፍስ ያለበትን ውሃ ሳላይ አስጨረስኩት» አሉ፤ በጣም አዘኑ። ከዚያ ቀና ብለው «በይ ተነሺ፣ ሄደን እንጠይቃቸው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ጠበል መልሱልኝ ይባላል?»

«አይባልም የሚል መጽሐፍ አላየሁም። የያዘሽ ይሉኝታ ነው፣ ወለተ ማርያም።»

እውነታቸውን ነው። ምግብ ቤቴን ከማጣት ይልቅ ያስፈራኝ የሰው በር ላይ ቆሞ መለመኑ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን በዚህ ኩራቴ አፈርኩ፤ ቤቲን የማሳድገው በዚያ ምግብ ቤት ገቢ ነው።

ካማው በሻይ ማጥለያ ጭቃውን እያሰሰ አሥራ አንድ አተረፈና ድስት ውስጥ ጨመራቸው። እኔ ለጋሽ ታደሰ ሚስኮል አደረግሁ፤ ብዙም ሳይርቅ ነበርና ተመለሰ። ፒክአፑ ላይ ሁለት ጀሪካን አለ። ጉዳዩን ስነግረው አንዱን ወዲያው አወረደ። ሁለተኛውን ግን አልነካውም።

«ያኛውስ?» አልኩት።

አባን በጎን አየና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ማማ ቤቲ፣ ሳውዝ ሲ ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነው። እሱ... ለመጸዳጃ ቤት ነው።»

አባ ጆሯቸው እንደ ዓይናቸው አይደለም። «ጠበሉን?» አሉ።

«ከመባረኩ በፊት ነው የቀዳሁት፣ አባቴ» አለ ጋሽ ታደሰ ፈጠን ብሎ። «እርስዎ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ እኔ ጨርሼ ነበር።»

ለመጸዳጃ ቤት ከተቀዳው ጀሪካን አሥራ ሰባት አወጣን፤ ከተባረከው ደግሞ አራት።

ሦስታችን በፒክአፑ ወደ ሳውዝ ሲ ሄድን። የመጀመሪያው ቤት የእትዬ አስካለ ነው። በማኅበሩ ትልቋ እሷ ናት፤ እኔንም በዚያው ልክ የምትገስጸኝ። በሯ ክፍት ነው፤ ውስጥ ጎረቤቶች ተሰብስበው ቆመዋል። ከማርያም ሥዕል ሥር ትልቅ የማር ጠርሙስ ተቀምጧል፤ በሁለቱ ወገን ጧፍ በርቶለታል። በውስጡ ኪሉዊሉዊዎቹ ጭራቸውን እየቆሉ ይዋኛሉ።

«ደግ ጊዜ መጣችሁ» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «እዩልኝ፣ ጠበሉ ሕይወት ዘርቶ።»

አባ በሩ ላይ ቀሩ። ጋሽ ታደሰ ኮርኒሱን አየ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

«እትዬ አስካለ፣ የእንቁራሪት ልጆች ናቸው» አልኳት።

«ምቀኛ» አለችኝ።

«እውነቷን ነው፣ ልጄ» አሉ አባ ቀስ ብለው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጠርሙሱን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አባቴ፣ እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ።»

«ያመመሽ ነገር አለ?»

አሰበችበት። «የለም። እንዲያውም ወገቤን ቀለል ብሎኛል።»

አንዲት ጎረቤት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ የመጣሁበትን መናገር ነበረብኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ማማ ቤቲ ምን ጎሏት ሲባል ኖሬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቤቴ ሊሄድብኝ ነው፤ እባክሽ መልሺልኝ» አልኩና አለቀስኩ። ትንሽ ልቅሶ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ጧፎቹን አጠፋች፣ ጠርሙሱን አቅፋ ወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

«የእኔ ሰባት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ» አለች። «ስትጨምሪያቸው ቆሜ አያለሁ። ለመሆኑ እስካሁን ምን ዘግቶሽ ነው ያልነገርሽን?»

ከዚያ ወዲህ ያሉትን በሮች ያንኳኳችው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላ ድስቱን ይዤ እከተላለሁ። ጊጊሪ ሰፈር የሚሠራው ማኅበርተኛችን ዳንኤል በውሃ ማጣሪያ አሳልፎት ነበር፤ ማጣሪያው አናት ላይ ሦስቱ በሕይወት ተገኙ። ሌላው ቤት ሕፃን ሊያጥቡበት ሳፋ ውስጥ ገልብጠውታል፤ ሕፃኑ አልወጣም ብሎ ሲያለቅስ ተውናቸውና ሄድን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዘጠኝ ቤት ብቻ ነበር ያዳረስነው። በድስቶቹ ውስጥ ስልሳ ሦስት ኪሉዊሉዊ አለ። ኩሬው ግን ጭቃ ነው፤ በቧንቧ ውሃ እንዳልሞላው እሱም የለም፣ ቢኖርም ይገድላቸዋል። በዚህ አያያዝ የኩሱምቤን ልጅ መጥቶ የሚያየው ባዶ ጉድጓድና ሁለት ድስት ነው። ሌሊቱን እቃዬን በሐሳቤ ስጠቀልል አደርኩ።

ሰኞ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ ክላክስ በክላክስ ሆነ። ካማው ሲከፍት ጋሽ ታደሰ ገባ። ከኋላው የዳንኤል መኪና። ከዚያ ያላዳረስናቸው አሥራ አንዱ፤ እትዬ አስካለ ማታውን ለአንድ በአንዱ ደውላለች። ጀሪካን ያለው በጀሪካን፣ ጠርሙስ ያለው በጠርሙስ። ሕፃን ያጠቡት ቤተሰቦች ሳፋውን እንዳለ በታክሲ ይዘው መጡ። አባ ኪዳኔ ጆግ ጭናቸው ላይ አድርገው በማታቱ፣ በሕዝብ ሚኒባስ ማለት ነው፣ መጡ፤ ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሷል። በቤታቸው ያጠራቀሙትን የዝናብ ውሃ የጨመሩም ነበሩ። ካማው ሳህን አስቀምጦ፣ ጭቃው እንዳይደፈርስ ውሃው በእሱ ላይ ቀስ እያለ እንዲፈስ አዘዘ። ሠላሳ የሚሆን ሰው በሰልፍ ቆሞ በየተራው ያፈሳል። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

በዚህ መሃል አራት ሰዓት ሆነ። ኩሱምቤን፣ ልጃቸውና ጠበቃው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይኼ የእናንተ በዓል ነው?» አሉኝ ኩሱምቤን ዓይናቸው ፈጦ። «ለኩሬ?»

አዎ ብል ያበቃ ነበር። በዓላችን ነው፣ በየዓመቱ እናደርገዋለን ማለት እንዴት እንደሚቀል ልነግራችሁ አልችልም። ግን ከትናንት በኋላ የመደበቅ አቅሙ አልቆብኝ ነበር። ተልባውን፣ ባልዲውን፣ ሁለቱን ብርጭቆ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ልጅየው ሳቀ። «እንግዲህ ሰማሽ፣ እማዬ። ኩሬው ትናንት ባዶ ነበር። እነዚህ ከየቦታው የመጡ ናቸው፤ አንቺ ያልሽው እዚህ የተወለደ ነው።»

ኩሱምቤን ወደ ኩሬው ሄዱ። ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠርዙ ላይ ተንበረከኩ። ኪሉዊሉዊዎቹ ዝርጉ ዳር ላይ ተሰብስበው ድንጋዩን ይልሳሉ።

«እዚሁ ነው የተወለዱት» አሉ። «ሽርሽር ሄደው ተመለሱ እንጂ።» ቀጥለውም «ኪሉዊሉዊን ወፍ ይበላዋል፣ እባብ ይበላዋል። ሀበሻ ወስዶት ሲመልስ ግን አሁን ገና አየሁ» አሉና እዚያው ተንበርክከው ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው መጣ። ጠበቃው ጠረጴዛ ቢፈልግ ጠፋ፤ ውሉ የተፈረመው የጋሽ ታደሰ ጀሪካን ጀርባ ላይ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጣዬ ተሻሻለ ብላችሁ ወጥ ሠሪዬ ትስቅባችኋለች። ኩራቴ ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ጨው ሲያልቅብኝ አሁን ጎረቤት እልካለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር፤ እነሱ ግን ደስ አላቸው፤ ለካ ስምንት ዓመት ከእኔ ሲቀበሉ ውለታ የሚመልሱበት አጥተው ኖረዋል። እናንተም ውስጥ እንደ እኔ ያላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ትንሽም ቢሆን።

ማኅበርተኞቹ ደግሞ ኩሬው የእነሱ ነው ብለው ቀሩ። እትዬ አስካለ በደወለች ቁጥር ከእኔ ጤና በፊት የምትጠይቀው «የእኔ ሰባቱ ደኅና ናቸው?» ብላ ነው። ሁሉም ደኅና ናቸው እላታለሁ፤ የትኞቹ የእሷ እንደሆኑ እኔም አላውቅ።

በሚቀጥለው ዓመት ተራዬ እንደገና ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ሊዘንብ ሲል፣ አባ ኪዳኔ የመዝጊያውን ጸሎት ሊጀምሩ መስቀሉን አነሱ። ከጓሮ አንድ እንቁራሪት ጮኸ። ሌላው መለሰለት፣ ከዚያ ሁሉም ተነሱ፤ ቤቱ በድምፃቸው ሞላ። እትዬ አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። በመስኮት ብመለከት ኩሱምቤን ከአጥሩ ማዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ጋሽ ታደሰ መስኮቱን ሊዘጋ ሲነሳ አባ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«ተዋቸው» አሉ። «እነሱ ይጨርሱና እኛ እንቀጥላለን።»

መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ሰሙ።